እጇን አጣጥፋ ያስተማረችው መምህርት

የዩኒቨርሲቲያችንን የዓመቱን ምርጥ መምህር በሚመርጠው ኮሚቴ ውስጥ ሲያስገቡኝ፣ እኔ በልቤ ምርጫዬን ጨርሼ ነበር። የምሕንድስና ተማሪዎችን ሒሳብ የሚያስተምር አንድ ወጣት መምህር አለን። የእሱ ክፍል ሁልጊዜ ከአፍ እስከ ገደፉ ሙሉ ነው። ወንበር ያጣ ተማሪ መስኮቱ ላይ ይቀመጣል፤ የሌላ ትምህርት ክፍል ልጆች ሳይቀሩ ሾልከው ገብተው ያዳምጡታል። እኔ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ፤ ከሒሳብ ጋር ከተለያየን ብዙ ዓመት ሆኖናል። ለኮሚቴው ሥራ ብዬ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ የተከታተልኩት ቀን ግን ሰዓቱ በማለቁ ተቆጨሁ። ጠመኔውን ይዞ ከሰሌዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ይመላለሳል፤ ይቀልዳል፤ ጥያቄ ይወረውራል፤ መልሱን እንደ ተረት አፋፍሞ አፋፍሞ መጨረሻ ላይ ያወጣዋል። ተማሪው አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ስወጣ ለራሴ "በቃ፣ ሽልማቱ የዚህ ልጅ ነው" አልኩ።

ኮሚቴው አምስት አባላት ነበሩት። ሰብሳቢያችን ጡረታ የተቃረቡ የፊዚክስ መምህር ናቸው፤ ንግግራቸው ቁጥብ፣ ኮታቸው ክረምት ከበጋ ከትከሻቸው የማይወርድ። እሳቸው ያወጡት አንድ ደንብ ነበር፤ የተጠቆመ መምህር ሁሉ ሥራው ላይ እያለ፣ በሚያስተምርበት ቦታ ይታይ የሚል። ደንቡን ወደድነው። ያስቸገረን የመጨረሻዋ ተጠቋሚ ላይ ስንደርስ ነው። የአዋላጅነት ሙያ መምህርት ናት፤ የጠቆሟት ተማሪዎቿ ናቸው። በዚያ ወቅት ክፍል አልነበራትም። ተማሪዎቿን ይዛ ለተግባር ልምምድ ንፋስ መውጫ ሆስፒታል ወርዳለች።

"እርስዎና እኔ እንሂድ" አሉኝ ሰብሳቢው። "እርስዎ ሴት ነዎት፤ አገሩንም ያውቁታል።"

አገሩንስ አውቀዋለሁ። ተወልጄ ያደግሁት እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ነው፤ ጋይንት ደግሞ የእናቴ ወገኖች አሉኝ። ስልክ ደወልኩላት። በዝግታ የምትናገር፣ ድምጿ ዝቅ ያለ ሴት አነሳች።

"መምጣታችሁን አልጠላሁትም" አለች ነገሩን ስነግራት። "ግን ቀን መርጬ ላሳያችሁ አልችልም። ምጥ ቀጠሮ የለውም።"

"እኛ እንጠብቃለን።"

"ደግሞ ማዋለጃው ክፍል የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያም ሴት ይሁን። እናትየዋ ከፈቀደች ነው እንጂ ካልፈቀደች እሷም አትገባም።"

ይህን ስነግራቸው ሰብሳቢው "ትክክል ናት" አሉ።

መንገዱ ክፍት መሆኑን ጠይቀን በዩኒቨርሲቲው መኪና በጠዋት ተነሣን። ጉና አናቱ በጉም ተሸፍኖ ነበር። ግራና ቀኙ ገብስ ነው፤ አንዳንዱ ማሳ ሊደርስ ቢጫ ሆኗል፤ አንዳንዱ ገና አረንጓዴ ነው። ንፋስ መውጫ ስንደርስ ስሟን ያወጣላት ነፋስ የመኪናውን በር ከእጄ ነጥቆ ዘጋው። ባጃጆቹ መሐል አልፈን ሆስፒታሉ ደረስን።

መምህርቷን ሳያት ገረመኝ። ከድምጿ ተነሥቼ ረዘም ያለች፣ ግርማ ያላት ሴት ስጠብቅ፣ ቀጠን፣ አጠር ያለች፣ ፀጉሯን በነጭ ሻሽ ጠቅልላ ያሰረች፣ እኩያዬ የምትሆን ሴት ናት። ሰላምታዋ ሞቅ ያለ ቢሆንም አጭር ነበር። "አንዲት እናት ምጥ ላይ ናት፤ ልትወልድ ተቃርባለች። ጠይቄያታለሁ፤ ፈቅዳለች። ጫማሽን ቀይሪ" ብላ ካባ አቀበለችኝ። ሰብሳቢው ኮታቸውን ጠቅለል አድርገው ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ክፍሉ ውስጥ አልጋው ላይ ያለችው ገና ልጅ እግር ናት፤ የመጀመሪያዋ ነው። ከገጠር ቀበሌ አማቷ ናቸው ያመጧት። የምታዋልዳት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረች፤ ቁመተ ረጅም፣ ዓይነ ትልቅ። ሌሎች ሁለት ተማሪዎች ዕቃ ያቀብላሉ። እኔ እናትየዋን አመስግኜ፣ በራስጌዋ በኩል ጥግ ይዤ ቆምኩ።

መምህርቷ ከተማሪዋ በስተግራ፣ እጇን ብትዘረጋ በምትደርስበት ቦታ ቆመች። ጓንቷን አጥልቃለች። ከዚያ ሁለቱን እጆቿን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ዝም አለች።

እኔ ትምህርቱ መቼ ይጀመራል እያልኩ እጠብቃለሁ። የለመድኩት መምህር ሲናገር ነው። እዚህ ግን የሚሰማው የእናትየዋ ትንፋሽና የተማሪዋ ለስላሳ ድምፅ ብቻ ነው፤ "አይዞሽ እናቴ፣ ተንፍሺ፣ በርቺ።" ተማሪዋ ሁለት ሦስት ጊዜ ዞር ብላ የመምህርቷን ፊት አየች። መምህርቷ ራሷን አልነቀነቀችም፤ ፊቷንም አላጠቆረችም። ዓይኗን ወደ እናትየዋ መለሰች፤ የተማሪዋም ዓይን ተከትሎ ወደዚያው ሄደ።

"ሲስተር፣ አሁን ትግፋ?" አለች ተማሪዋ በመጨረሻ።

"እኔን ነው የምትጠይቂኝ?"

ተማሪዋ ቀላ አለች። ወደ እናትየዋ ጎንበስ ብላ "ግፊ ግፊ ይልሻል እንዴ?" ስትል ጠየቀቻት።

"ኧረ አሁንስ አላስቆም አለኝ!" አለች እናትየዋ።

"እንግዲያው ሲመጣ ግፊ። እኔ አለሁ።"

ከዚያ በኋላ ያቺ ልጅ ወደ መምህርቷ አልዞረችም። ድምፅዋ ራሱ ተለወጠ። መጀመሪያ የምትለምን ይመስል የነበረው ንግግሯ አሁን የሚታመኑበት ዓይነት ሆነ። እኔ ሁለት ወልጃለሁ፤ በዚያች ሰዓት እንዲያ ያለ ድምፅ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

ሕፃኗ ወጣች። ሴት ናት። ግን አላለቀሰችም።

እናትየዋ አንገቷን ቀና አድርጋ "ምነው? ምነው ዝም አለች?" አለች። የመምህርቷ እጆች ከደረቷ ላይ ተላቀቁ፤ ግማሽ እርምጃ ቀረበች፤ እዚያው ቆመች። ተማሪዋ ጨርቁን አነሣች፤ ሕፃኗን ከራሷ እስከ እግሯ አደራረቀቻት፤ ጀርባዋን ሽቅብ ቁልቁል አሸችው። ጨርቁን ጥላ ሌላ ደረቅ ጨርቅ ያዘች፤ እንደገና አሸቻት። ሕፃኗ አንዴ አሳላት። ቀጥላም ክፍሉን በጩኸት ሞላችው።

ዘወር ብዬ መምህርቷን አየኋት። እጆቿ ተመልሰው ደረቷ ላይ ተጣጥፈዋል። ግንባሯ ላይ ግን ላቡ ችፍ ብሎ ነበር።

ውጭ ኮሪደሩ ላይ የአስታማሚ ሴቶች እልልታ ቀለጠ። ተማሪዋ ሕፃኗን በእናቷ ሆድ ላይ አስተኝታ፣ እትብቱን ቆርጣ፣ እንግዴ ልጁ እስኪወጣ ሥራዋን በእርጋታ ጨረሰች። እናትየዋ ተጣጥባ፣ ልጇን አቅፋ አረፍ ስትል፣ መምህርቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በርጩማ ሳበችና አጠገቧ ተቀመጠች። ተማሪዋንም አጠገቧ አቆመቻት።

"እንኳን ማርያም ማረችሽ" አለቻት።

"ማርያም ታኑርልኝ።"

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይቺ ልጅ ገና እየተማረች ናት። አስተማሪዋ እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ዛሬ አንቺም ነሽ። እንዴት አዋለደችሽ? ምን ብትጨምር ጥሩ ነበር?"

እናትየዋ ግራ ገባት። እኔን አየች፤ ተማሪዋን አየች። "ኧረ እሷ መልካም ናት፤ እግዜር ይስጣት" አለች። መምህርቷ ዝም ብላ ጠበቀች። እናትየዋ ልጇን እያየች ቆየችና በለሆሳስ "ስሜን ብትጠይቀኝ" አለች። "እናቴ እናቴ ትለኛለች። ስም አለኝ እኮ።"

የተማሪዋ ዓይን እንባ ሞላ። ጎንበስ ብላ ጠየቀቻት፤ እናትየዋም ነገረቻት። ሁለቱም ሳቁ።

በኋላ ከግቢው ጥላ ሥር ተማሪዎቿን ሰብስባ ስታነጋግራቸው አብሬ ተቀመጥኩ። ያዋለደችው ልጅ እንድትጀምር አደረገቻት። ልጅቷ ወዲያው "ጨርቁን አስቀድሜ አላዘጋጀሁም ነበር፣ ደግሞ…" ብላ ጥፋቷን መደርደር ያዘች።

"ጥፋትሽን አልጠየቅሁሽም" አለቻት መምህርቷ። "ምን ሠራሽ ነው ያልኩሽ።"

ያን መናገር ለልጅቷ የበለጠ ከበዳት። ቀስ እያለች፣ እያንዳንዱን ነገር ከነምክንያቱ ተናገረች።

"ሕፃኗ ዝም ባለች ጊዜስ ምን አሰብሽ?"

"እርስዎ እንዲቀበሉኝ ፈልጌ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልሰጠሽኝም?"

"እጅዎ አልተዘረጋም። ካልዘረጉ ትችላለች ብለው ነው ብዬ አሰብኩ።"

"በዚህ ብቻ አትመኪ" አለቻት መምህርቷ። "ያቃተሽ ቢመስልሽ ወዲያውኑ ጥሪኝ። መጥራት ነውር አይደለም። ዛሬ ግን የሠራሽው ትክክል ነበር።" ልጅቷ ፊቷን በካባዋ እጅጌ ሸፈነች። ጓደኞቿ ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት።

ሰብሳቢውን ሳገኛቸው ከአንድ ቄስ ጋር እየተጫወቱ ነው። የወለደችው ልጅ አማት ናቸው። እኔ ውስጥ ሳለሁ ቄሱ ሰብሳቢውን በኮታቸው ገምተው "የሐኪሞቹ አለቃ ነዎት?" ብለው ጠይቀዋቸው ነበር።

"አይደለሁም፤ መምህር ነኝ።"

"ታዲያ እዚህ ምን ይሠራሉ?"

"ጎበዝ መምህር ልንመርጥ መጥተን።"

ቄሱ መስቀላቸውን አገላብጠው "እንደው ልጄ ከተገላገለች በኋላ ብትመርጡ ምን አለበት?" አሏቸው። ሰብሳቢው ይህን ሲነግሩኝ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቄሱ ግን ሕፃኗ አልቅሳ እልልታው ሲሰማ ተነሥተው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው ነበር፤ ሰብሳቢውም አብረዋቸው ቆመው ነበር።

ምሳ ላይ የመመዘኛ ነጥቦቹን አወጣን። ትምህርቱን በግልጽ ያብራራል? የትምህርት መርጃ ይጠቀማል? የክፍሉን ጊዜ በአግባቡ ያከፋፍላል? ለእያንዳንዱ ነጥብ መስጠት ነበረብኝ፤ እኔ ግን የመጀመሪያው ላይ ቆምኩ።

"ምን አብራራች?" አሉኝ ሰብሳቢው።

"ምንም አላብራራችም።"

"ታዲያ ምን አየሽ?"

ሲናገሩኝ "አንቺ" ማለታቸውን ያስተዋልኩት በኋላ ነው፤ ደስ አለኝ። ያየሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። እሳቸው ሹካቸውን አስቀምጠው አዳመጡኝ። ከዚያ "አንድ ቀን ያየነውን ይዘን ብንሄድ ያ ቀን ደግ ሆኖ ነው ይሉናል። ያስተማረቻት፣ አሁን ሥራ ላይ ያለች አንዲት ልጅ ብናገኝ" አሉ። መምህርቷን ስንጠይቃት አላቅማማችም፤ ስማዳ፣ ወገዳ ከተማ ጤና ጣቢያ ውስጥ የምትሠራ አንዲት ልጅ ነገረችን። "ግን እኔን ትወደኛለች ብላችሁ እንዳትሄዱ" አለች።

ንፋስ መውጫ አድረን በማግሥቱ በታች ጋይንት በኩል ወረድን። መንገዱ ድንጋይ ነው፤ መኪናው እንደ ወንፊት ነፋን። ብርዱ ለቀቀን፤ ሰብሳቢው ግን ኮታቸውን አላወለቁም። ወገዳ ስንደርስ የገበያ ቀን ሆኖ፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ ሰው ተሰልፏል። ልጅቷ ሥራዋ ጋብ እስኪል ጠበቅናት። ጠንካራ፣ ፈርጠም ያለች፣ ንግግሯ ቀጥተኛ የሆነች ልጅ ናት። የመጣንበትን ስንነግራት ሳቀች።

"እሷ እኮ ጥላኛለች" አለች።

"እንዴት ጣለችሽ?" አልኩ።

"በተግባር ፈተና። ሥራዬ ላይ አንድ እንከን አልነበረም፤ ዛሬም ቢሆን ይህን እከራከራለሁ። ግን ምጥ ላይ ያለችውን ሴት ጮህሁባት። 'ዝም በይ፣ ያንቺ ብቻ ነው እንዴ!' አልኳት። ሲስተር ዝም ብላ አየችኝ፤ ውጤቱ ሲመጣ ወድቄያለሁ። ጓደኞቼ ሁሉ ተመረቁ፤ እኔ ቀረሁ።"

"ተቀየምሻት?"

"ስንት ቀን ስረግማት ሰነበትኩ! ክረምት ነበር። መምህራኑ ሁሉ ወደየቤታቸው ሄዱ። እሷ አልሄደችም። ልጆቿን ለእናቷ ትታ፣ እኔ ተረኛ በሆንኩ ቁጥር አብራኝ ተረኛ ትሆናለች። አንድ ቀንም ስለዚያ ጩኸት አንሥታ አልመከረችኝም። ትመጣለች፤ እጇን አጣጥፋ ከጎኔ ትቆማለች። ሲጨንቀኝ እንዴት እንደምሆን ታያለች፤ እኔም ራሴን ማየት ጀመርኩ። የምጮኸው ሴትዮዋ ስለጮኸች አልነበረም። ስለምፈራ ነበር። አሁን እዚህ ስፈራ፣ መጀመሪያ 'ፈራሁ' እላለሁ ለራሴ። ከዚያ ሴትዮዋን ምን እንደሚሰማት እጠይቃታለሁ። ሁለታችንም እንረጋጋለን።"

"ብንሸልማት ምን ትያለሽ?" አሏት ሰብሳቢው።

"እኔን የጣለችኝ ጊዜ መሸለም ነበረባት" አለችና ወደ ሥራዋ ገባች።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። አንዱ አባል፣ ጨዋና ጠንቃቃ ሰው፣ "ዝም ብላ በመቆሟ እንሸልማት ማለት ይከብደኛል" አለ። ስላቅ አልነበረበትም፤ ከልቡ ነው የጠየቀው። ሰብሳቢው ወደ እኔ አዩ። እኔም የወጣቱን የሒሳብ መምህር ክፍልና የማዋለጃውን ክፍል እንዳየሁት ሁለቱንም ነገርኳቸው። ያን ልጅ እንደምወደው፣ ወደፊትም ደጋግሞ ሊሸለም የሚገባው እንደሆነ ተናገርኩ። "ግን" አልኩ፣ "ከእሱ ክፍል የወጣሁት እሱን እያደነቅሁ ነው። ከማዋለጃው ክፍል ስወጣ ያደነቅሁት ተማሪዋን ነበር። መምህርቷ ትዝ ያለችኝ ቆይቶ ነው።"

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው "እኔ ይህን ያህል ዘመን ሳስተምር ጥያቄ ጠይቄ መልሱን ራሴ የምናገር ነኝ" አሉ። "ዝምታ ይከብደኛል። ሕፃን ሳታለቅስ ቀርታ፣ እጁን አጥፎ መቆም የሚችል ሰው ምን ያህል እንደሚያውቅ፣ ምን ያህልም ተማሪውን እንዳዘጋጀ አስቡት።" ድምፅ ሰጠን፤ ያ ጠንቃቃ አባል ሳይቀር ለእሷ እጁን አወጣ።

የሽልማቱ ዕለት መምህርቷ አገር ልብስ ለብሳ መጣች። ስሟ ሲጠራ አዳራሹ ውስጥ ተማሪዎቿ እልል አሉ። ንግግር አድርጊ ሲሏት "የፈቀዱልንን እናቶች አመሰግናለሁ" ብላ ወረደች።

ስንወጣ ያ የሒሳብ መምህር በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ምን እንደምለው ቸገረኝ። እሱ ግን ሰላም ብሎኝ "ኮሚቴው ላይ የነገርሽውን ሰብሳቢው አጫወቱኝ" አለ። "ከእሷ ጋር ታስተዋውቂኝ?" ፊቱ ላይ ቅያሜ ፈልጌ አጣሁ። ወስጄ አስተዋወቅኋቸው።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አላት። "ተማሪ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ሲደናበር እኔ አላስችለኝም፤ ጠመኔውን እቀበለዋለሁ። እርስዎ የሰው ነፍስ እጅ ላይ እያለ እንዴት ቻሉ? እስከ የት ድረስ መጠበቅ እንዳለብዎት በምን ያውቃሉ?"

ሽልማቷን ወደ አንድ እጇ አዛወረች። "ሁልጊዜ አላውቅም" አለችው። "ቸኩዬ ገብቼ፣ ምነው ትንሽ በታገሥኩ ያልኩበት ብዙ ቀን አለ። ዘግይቼ ምነው በገባሁ ያልኩበት ግን እስካሁን የለም፤ እንዲኖርም አልፈልግም። ስለዚህ ቅርብ ሆኜ ነው የምቆመው። ሩቅ ቆሞ መታገሥ እኮ ቸልተኝነት ነው።"

"ቅርብ" አለ ልጁ ለራሱ።

"እጅህ የሚደርስበት ቦታ። አንተ እኮ ዕድለኛ ነህ፤ ሰሌዳ ይጸዳል፣ እንደገና ይጻፍበታል። ምን ያስፈራሃል?"

ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። የአንድ ተማሪውን ነገር ያጫውታት ጀመር፤ በቃል ሲጠይቁት የሚመልሰውን፣ ሰሌዳ ላይ ሲወጣ የሚጠፋበትን ልጅ። እሷ ራሷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጠዋለች፤ አልፎ አልፎ አንድ ነገር ትጠይቀዋለች። ወደ ንፋስ መውጫ የሚመልሳት መኪና ጡሩምባውን ነፋ። "ተራመድ፣ እስከ መኪናው እየነገርከኝ" አለችው፤ ሁለቱም ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ደረጃውን ወረዱ። እኔ ሰብሳቢውን ልፈልግ ወደ አዳራሹ ተመለስኩ።